ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ ንጉሥም ጎል ያገባል

ወልዲያ ግሮሰሪ ገብቶ ጃምቦው እስኪቀዳለት ድረስ ግድግዳ ያነበበ ሰው ሁለት ጽሑፍ አያመልጠውም። አንዱ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ይላል፤ ሌላው «ደንበኛ ንጉሥ ነው»። የመጀመሪያውን ያከበረ ሰው አላየሁም። ሁለተኛው ግን ከግድግዳ ወርዶ፣ ማሊያ አጥልቆ፣ እሑድ ጠዋት ሜዳ ላይ ተሰልፏል። «የደንበኞችና የሠራተኞች የወዳጅነት ጨዋታ» ይሉታል። ይህን ጨዋታ የሚነቅፉ ሰዎች አይገቡኝም። ውጤቱ ከፊሽካው በፊት የሚታወቅ፣ ዳኛ የማያስጨንቅ፣ ተሸናፊው እያጨበጨበ የሚሸነፍበት ሌላ ምን ስፖርት ቀርቶልናል?

በአንድ ወገን ደንበኞች አሉ። ራሳቸውን «ጤና ቡድን» ብለው ይጠራሉ፤ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት የገነቡትን ጤና ከ3 ሰዓት ጀምሮ በጥብስና በድራፍት ያፈርሱታል። አርፍዶ የመጣ አንድ ሳጥን ቢራ ይቀጣል፤ ይህም ለጤና ሲባል ነው። በሌላው ወገን አስተናጋጁ፣ ባርማኑ፣ ሥጋ ቆራጩና ጥበቃው ይቆማሉ። ሌሊት 6 ሰዓት የመጨረሻውን ሞቅ ያለው ሰው ባጃጅ ላይ ጭነው፣ ወንበር ደርድረው፣ ወለል አጥበው ነው የተኙት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ያዛል። ጨዋታው ግን ሥራ አይደለም፣ ወዳጅነት ነው፤ ወዳጅነት ደግሞ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለውም። የቀረ ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት «አንተ ከሰው አትቀላቀልም እንዴ?» ተብሎ በፈገግታ ይጠየቃል። ያችን ፈገግታ የሚያውቅ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮም ይመጣል።

አንድ እሑድ ደንበኞቹ ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። ጥፋቱ ምን እንደነበር ዳኛውም አላወቀም፤ ዳኛው የቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ነበር። ሊመቱ የቆሙት ጋሼ ከቤቱ ደንበኞች ሁሉ ብዙ የሚከፍሉ፣ ይቅርታ፣ ብዙ የሚያስመዘግቡ ሰው ናቸው። በረኛው ሰሃን የሚያጥበው ልጅ ነው። ጋሼ ሦስት እርምጃ ተንደረደሩ፤ በሦስተኛው ትንፋሻቸው አለቀና ኳሷ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች መጣች። ልጁ ደንቡ እንደሚያዘው ገና ሳትመታ ወደ ግራ ወድቆላቸዋል። አጅሪት ግን መንገድ ላይ ጠጠር ነክታ አቅጣጫዋን ቀየረች፤ ሄዳም ከደረቱ ሥር ተወሸቀች። ልጁ ክው አለ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ ይቅርታ! ሳላስበው ነው!»

የቤቱ ባለቤት ከዳር ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዳኛውም ወዲያው «በረኛው ቀድሞ ተንቀሳቅሷል» ብሎ አስደገመ። በሁለተኛው ምት ልጁ ኳሷን በዓይኑ ሸኝቶ አስገባትና ሂሳብ እንደሚያቀርብ ሰው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ መለሰላቸው። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ሜዳውን ዞሩ። ማለቴ፣ ግማሹን ዞሩ።

«ለምን አይጫወትባቸውም?» የሚል የዋህ አይጠፋም። የአስተናጋጅ ደሞዝ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። አዋጁ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ ወለሉ ተነጥፎ እስክንረግጠው ድረስ ግን የልጁ ወለል የጋሼ ኪስ ነው። በጋሼ ላይ ጎል የሚያገባ አስተናጋጅ በገዛ ቤት ኪራዩ ላይ ነው የሚያገባው።

ወደ መርሳ ሲወረድ ነገሩ ይበልጥ ይሠለጥናል። መርሳ ያለችበት ሀብሩ ሞቃት ነው፤ ፀሐዩ ለጤና ቡድን አያዝንም። ስለዚህ ሁለተኛው አጋማሽ ማንጎ ዛፍ ሥር በወንበር ላይ ይከናወናል፤ ሠራተኛው ብቻ እንደቆመ ይጨርሳል። በወልዲያና በመርሳ መካከል ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ድርቅ የሚችሉ የማሽላ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ አሥር ደቂቃ ሩጫ የሚችል ደንበኛ ማውጣት ግን ከሳይንስ አቅም በላይ ሳይሆን አይቀርም።

ወልዲያ እኮ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የሚጠራ፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም አላት። የከተማዋ ክለብ ግን በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ሰው ተጨንቋል። መልሱ ቀላል ነው፦ የገጠሙት ቡድኖች አስተናጋጅ አልነበሩም፤ ከእኛ ጉርሻ የሚጠብቅ አንድም ተከላካይ አልነበራቸውም።

ያለፈው ትውልድ በዚህ ረገድ በጣም ኋላ ቀር ነበር። የላሊበላ አገር ሰዎች ነንና ገናን እናውቃለን። ሩሯን፣ የገናን ኳስ፣ ለመምታት ሎሌው የገና ዱላውን ይዞ ከጌታው እኩል ይሰለፋል፤ በግርግሩ የጌታው ቅልጥም ቢነካ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባልና ይታለፋል። አስቡት እስቲ! ጌታ ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንደ ማንም ሰው የሚመታበት፣ ሎሌውም በማግስቱ ሥራውን የማያጣበት ጨዋታ። አያቶቻችን ዱቤ ስላልነበራቸው ነው መሰለኝ።

እንግሊዞች የተሻለ አስበውበት ነበር። በክሪኬት ከ1806 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. «ጨዋዎች» እና «ተጫዋቾች» የሚባሉ ቡድኖች ይገጥሙ ነበር። ጨዋው ለክብሩ፣ ተጫዋቹ ለእንጀራው። መግቢያ በራቸው እንኳ የተለያየ ነበር። ጨዋው ስሙ ሲጻፍ የመጀመሪያ ፊደሎቹ ከፊት ይቀድማሉ፤ የደሞዝተኛው ከኋላ ይከተላሉ። በ1950 በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ የደሞዝተኛው የፍሬድ ቲትመስ ፊደሎች ተሳስተው ከፊት ስለታተሙ በድምፅ ማጉያ እርማት ተነግሯል፤ ሥርዓት ማለት ይህ ነው። የጨዋዎቹ ዝነኛ ደብልዩ ጂ ግሬስ «በነፃ የሚጫወት አማተር» እየተባለ ከደሞዝተኞቹ በላይ ገንዘብ ሰብስቧል። ይሁን እንጂ እነዚህ ብልሆች አንድ ትልቅ ቀዳዳ ትተው ሄዱ፦ ተጫዋቾቹ እንዲያሸንፉ ይፈቅዱ ነበር። እንዲያውም ከጨዋዎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ያሸነፉት እነሱ ናቸው። 156 ዓመት ሙሉ ተደክሞበት! የእኛ ግሮሰሪዎች ቀዳዳውን በጥቂት እሑዶች ደፈኑት።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ነገረኛ አስተናጋጅ ሐሳብ አቅርቧል፦ «ከጨዋታው በኋላ በሚኖረው ግብዣ ተሸናፊው ቡድን ያስተናግድ።» ደንበኞቹ «ፍትሐዊ ነው» ብለው በአንድ ድምፅ አጸደቁት። ጋሼማ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ባለቤቱ ብቻ ነገሩ አልጣማቸውም። ማታውኑ የቡድኑን አሰላለፍ አስመጥተው አዩና ሰሃን አጣቢውን ልጅ ከበረኝነት አንሥተው ኳስ አቀባይ አደረጉት።