ደግሞ የጦር ፊልም!

የጦር ፊልም ወጣ ሲባል፣ እስራኤል አሽዶድ ያለን ጥቂት ሐበሻ ሙስሊሞች ገና ሳንቀመጥ የሚመጣውን እናውቀዋለን። መጀመሪያ አዛን ይሰማል። አዛን ከተሰማ የሆነ ነገር ሊፈነዳ ነው። እኛ ቤት አዛን ሲባል ሰው ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ፊልም ላይ ግን ሰው ይበታተናል። «አላሁ አክበር» እኛ በሕፃን ጆሮ እንላለን፣ የዒድ በግ ስናርድ እንላለን፣ ሶላት ስንገባ እንላለን። ፊልም ሠሪው የሚያውቃት ቦንብ ሲፈነዳ ብቻ ነው። ሙዚቃውስ! በረሃ በታየ ቁጥር ያቺ የምታላዝን ሴት ትለቀቅብናለች። ማን እንደሞተባት እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ከዚያ አገሩ ይምታታብናል። ሞቃዲሾ ነው ሲሉን ሞሮኮ ነው፤ በ2001 የወጣው «ብላክ ሃውክ ዳውን» የተቀረጸው ራባትና ሳሌ ነው። ኢራቅ ነው ሲሉን አሁንም ሞሮኮ ነው፤ «አሜሪካን ስናይፐር»ም እዚያው ሄዶ ተኩሷል። ፓኪስታን ነው ሲሉን ሕንድ ነው። «ዜሮ ዳርክ ሰርቲ» ቻንዲጋርን ፓኪስታን ካደረገ በኋላ፣ ኡርዱና ፓሽቶ የሚናገረውን ሕዝብ በዐረብኛ አናገረው። ደሴ ላይ ፊልም ሠርቶ ሰዉን በስዋሂሊ እንደማናገር ማለት ነው። ማን ያውቅብናል ብለው ነዋ!

«ብላክ ሃውክ ዳውን» ሲያልቅ የሞቱት የ19 አሜሪካውያን ስም አንድ በአንድ ይወጣል። ይውጣ፤ የሰው ልጅ ናቸው። ሶማሌዎቹ ግን ከ1000 በላይ ተብለው በግማሽ መስመር አለፉ። የእስራኤሉ «ቦፎር» ደግሞ በ2007 መጣና ጠላቱን ጭራሽ ሳያሳይ ጨረሰው። ሊባኖስ ውስጥ ያለ ምሽግ ላይ ሚሳይል ይወርዳል፤ ወርዋሪው የለም። መጥፎ መልክ አልሰጡንም ብለን ልናመሰግን ስንል፣ ለካ መልክም አልሰጡንም።

ይህን ስናማርር የጎንደሩ አይሁዳዊ ጎረቤታችን ቡናቸውን ያስቀምጡና «እናንተስ ክፉ ሆናችሁም ቢሆን ትታያላችሁ» ይሉናል። እሳቸው ቂማቸው በ2019 ከወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ጋር ነው። ወደ እስራኤል ለመድረስ ሱዳን በእግራቸው የገቡት እሳቸውና ወገኖቻቸው፤ የፊልሙ ጀግና ግን ክሪስ ኢቫንስ። ዋናውን ኢትዮጵያዊ ሆኖ የሠራው አሜሪካዊው ማይክል ኬ. ዊልያምስ። አገሩ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ። በገዛ ታሪካቸው ተሳፋሪ ሆነው ቀሩ። አይሁድም ሙስሊምም፣ ሐበሻ ሆኖ ፊልም ላይ ከተጫነ ዕቃ አይሻልም ማለት ነው።

ጊዜውስ? አሽዶድ ላይ የሮኬት ሳይረን ሲጮህ መጠለያ፣ ሚክላት የምንለው ቦታ፣ ለመድረስ 45 ሰከንድ አለን። በ45 ሰከንድ ጫማ አይታሰርም፤ ደረጃው ላይ ነጠላና ሒጃብ ይጠላለፋል። «አሜሪካን ስናይፐር» ላይ ግን ዋናው ሰውዬ ውጊያ መሀል ሆኖ ከሚስቱ ጋር በስልክ ያወጋል። መስመሩም አይቋረጥበትም። እኛ ምድር ቤት ስንገባ ኔትወርክ የለም።

ከሁሉ የሚያበሽቀው ግን እዚሁ ከተማችን መግቢያ ላይ ነው። በ1948 የግብፅ ጦር ግስጋሴ በቆመበት በአድ ሀሎም፣ ለወደቁት የግብፅ ወታደሮች ሐውልት ቆሟል። በዐረብኛ፣ በዕብራይስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ አልፎም በጥንታዊት ግብፅ ጽሕፈት ተጽፎበታል። የተዋጋ አገር ለተዋጋው ጠላት በአራት ጽሕፈት ድንጋይ ሲያቆም፣ ያ ሁሉ ዶላር ያለው ሆሊውድ ለጠላቱ አንድ ዓረፍተ ነገር በራሱ ቋንቋ መስጠት አቃተው።

እንግዲህ ፊልም ሠሪዎች፣ ብዙ አንጠይቅም። ጀግንነቱ ይቅርብን። የቤት ኪራይ ያለበት፣ ከሚስቱ የሚጨቃጨቅ፣ ሻይ ስኳር በዛበት ብሎ የሚያማርር አንድ ሙስሊም አሳዩን። እሱም ከከበዳችሁ፣ ለአንዴ እንኳ አዛኑን አስጨርሱት።