ቀዩ በዛ

አዋሽ ሰባት፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚያርፉበት ሻይ ቤት። ከሰመራ የመጣች የኮምፒውተር ተማሪ ላፕቶፗን ከፍታለች። አጠገቧ ያለው የጅቡቲ መስመር ሹፌር አፉ አያርፍም፤ እሷም አታንስም።

«ምንድን ነው፣ ጥለት ነው?»

«ፕሮግራም ነው ጋሼ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ትሬድ፣ ከሌሎቹ ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራሙ ሥራ ነው። አረንጓዴው ሲሠራ፣ ቀዩ ሲጠብቅ።»

«ቀዩ በዛ። የት ቆመው ነው?»

«ሚሌ ኬላ፤ ከእርስዎ ተሳቢ ኋላ።»

«ስንት ናቸው?»

«ስምንት። ከአንዱም ብሰው ዘገዩብኝ።»

«አሥራ ስድስት አድርጊያቸዋ!»

«ኬላው አንድ ሆኖ መኪና ሲጨመር ምን ይባላል?»

«ፓርኪንግ።»

ሥዕሉን ቀረብ ብሎ ላየው፣ አረንጓዴዋ ቁራጭ ከላይኛው መስመር ወደ ታችኛው ደረጃ ሠርታ ትወርዳለች፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል፣ ሁለቱ አብረው አይታዩም። ስምንቱም አንዲት የጋራ ድምር ላይ ለመጻፍ አንድ ቁልፍ ይጠብቃሉ። አማካይ የሚባለው ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሥራ መፍታቱን ይናገር ይሆናል፤ ማን ማንን እንዳቆመ ግን ትንፍሽ አይልም።

«አምዳል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ተከራክሮበታል። ከሥራው አንድ አሥረኛው የግድ በተራ የሚሄድ ከሆነ፣ ሺህ ፕሮሰሰር ቢደረደር ፍጥነቱ ከአሥር እጥፍ አያልፍም።»

«በዚህ መስመር ነድቶ ያውቃል ማለት ነው።»

«የባቡር ሰዎችም ኮምፒውተር ሳይኖር ይሥሉት ነበር። ፈረንሳዊው ማሬ የፓሪስና የሊዮን ባቡሮች እንዲህ የተሣሉበትን ሥዕል ያሳተመው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ያጋደለው መስመር ይሄዳል፣ አግድም የተኛው ቆሟል። የእኛም ሐዲድ ከአዳማ ወዲህ ነጠላ ስለሆነ፣ በሥዕሉ ላይ መስመሮቹ እርስ በርስ የሚቋረጡት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው።»

«የእኔ ከጠዋት ጀምሮ ተኝቷል። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን መዘገበው?»

«ትሬዱ ቁልፍ ሲይዝና ሲለቅ ሰዓት የሚጽፍ ኮድ አስገባሁ።»

«መዝጋቢውስ መንገድ አይዘጋም?»

«ይዘጋል! ከበዛ ሥዕሉም ይዋሻል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ብቻ ናሙና እወስዳለሁ።»

«ይቺን ለኬላዎቹ ንገሪልኝ።»

ኮዱን አስተካከለች፦ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ድምር ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ይዋሃዳል። ስክሪኑ ለመለመ። አንድ መስመር ግን ሌሎቹ ካበቁ በኋላም ብቻውን ይጎተታል።

«ይሄስ?»

«ትልቁን ጭነት ለእሱ ሰጥቼው ነው።»

«ሰባቱስ?»

«እየጠበቁት ነው።»

«አይዋሹሽ፤ ሻይ ላይ ናቸው።»