ኮች፣ አባትስ አለኝ!

ልጃቸው በሃይስኩል የአሜሪካ ፉትቦል ስሙ የተነሳ አበሻ ወላጆች፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ሲልቨር ስፕሪንግም ይኑሩ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ደግ ባሕርይ ይጎዳቸዋል። እንግዳን በጥያቄ ማፋጠጥ አይሆንላቸውም። የኮሌጁ አሰልጣኝ የቡድኑ አርማ ያለበትን ሹራብ ለብሶ ሳሎን ይገባል። ዶሮ ወጥ ይቀርብለታል፤ እናት "በሞቴ" ብላ ታጎርሰዋለች። በርበሬው ዓይኑን ያስለቅሰዋል፤ ይስቃል፤ ቤቱም አብሮት ይስቃል፤ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ "የልጄ ጉልበት ቢሰበር ምን ታደርጉለታላችሁ?" ይለዋል? ያጎረስነውን ሰው መመርመር ነውር ይመስለናል።

ነውር የለበትም። ሰውየው ሥራ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ሌላ ሳሎን ገብቶ የሌላ እናት እጅ ይቀምሳል። ሥራው መጠየቅና ማሳመን ከሆነ፣ የእናንተም ሥራ መጠየቅና ማመዛዘን ነው።

አንተም ልጅ፣ ገና 17 ዓመትህ ነው። ስልክህ ሲጮህ ይውላል፤ አሰልጣኙም አጎትህም ጓደኛህም የሚልህ አያጣም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ላንተ የተዘጋጁ ናቸው። በአክብሮት በላቸው፤ ግን ዋጥ አታድርጋቸው።

አሰልጣኙ "እንደ ልጄ ነው የማይህ" ሲልህ፦

"ኮች፣ አባትስ አለኝ። ያጣሁት በእኔ ቦታ ስንት ሰው እንደተሰለፈ የሚነግረኝ ነው።"

ይህቺን ጥያቄ እንዳትዘላት። እ.ኤ.አ. በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት፣ ስምምነቱን የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች በፉትቦል ቡድናቸው ከ105 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችሉም። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱን በአግባቡ የያዘ ተጫዋች ስንት ጊዜ ቢዛወር ወዲያው መጫወት ተፈቅዶለታል። ስለዚህ አንተ እስክትበስል ሦስት ዓመት ከሚጠብቅ፣ ሌላ ቦታ የበሰለ የ22 ዓመት ጎልማሳ፣ መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች በሚመዘገቡበት በትራንስፈር ፖርታል ቢያመጣ ይቀለዋል። ላይንባከር ከሆንክ "ባለፈው ዓመት ስንት ላይንባከር ከፖርታል አመጣችሁ? ከሃይስኩል ከወሰዳችኋቸውስ ስንቱ ዛሬም እዚህ አለ?" በለው። መልሱን እሱ እስኪነግርህ አትጠብቅ፤ የተጫዋቾቹ ስም ዝርዝር በይፋ የወጣ ነው። የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ የጠፉትን ስሞች ቁጠር።

"አራት ዓመት አብረን ነን" ሲልህ፦

"እኔ እቆያለሁ ኮች፤ እርስዎስ?"

የአላባማውን አሰልጣኝ ኒክ ሴባንን የሚያህል በኮሌጅ ፉትቦል ማን ነበር? አላባማን መርጠው በዲሴምበር 2023 የፈረሙ ልጆች ብዙዎቹ የመረጡት እሱን ነበር። በሦስት ሳምንት ግድም፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 2024 ጡረታ ወጣ። ጁሊያን ሴይን የሚባለው ኳርተርባክ ገና አላባማ ከመግባቱ በዚያው ወር ወደ ኦሃዮ ስቴት ተዛወረ። የእኛን አካባቢ ልጆች አጥብቆ ይፈልግ የነበረውን የፔን ስቴቱን አሰልጣኝ ጄምስ ፍራንክሊንንም ትምህርት ቤቱ በኦክቶበር 2025 አሰናበተው፤ በሚቀጥለው ወር ቨርጂኒያ ቴክ ቀጠረው። እነዚህ ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። ሥራው እንዲህ ነው፤ ይሾማሉ፣ ይሻራሉ፣ የተሻለ ሲመጣም ይሄዳሉ። አንተ ግን የምትፈርመው ከትምህርት ቤቱ ጋር ነው። ስለዚህ "ይህ ሰው ነገ ባይኖር እዚህ እገባ ነበር?" ብለህ ራስህን ጠይቅ። "አልገባም" ካልክ፣ ኮሌጅ ገና አልመረጥክም።

"ዛሬ ካልወሰንክ ቦታው ይያዛል" ሲልህ፦

"ለአራት ዓመት የሚፈልገኝ ሰው አራት ቀን አይጠብቀኝም?"

ቦታ መያዙ እውነት ነው፤ ያንን አልክድም። ግን በቃል "እሺ" ማለት አንተንም እነሱንም አያስርም። በዛሬ "እሺ" ቦታው የተቀመጠልህ ከመሰለህ፣ የተሻለ ልጅ የመጣ ቀን ስልካቸው ዝም ሲል ታየዋለህ። የሚያስረው ፊርማው ነው። የመጀመሪያው መፈረሚያ የዲሴምበር የመጀመሪያው ረቡዕ ሲሆን በፌብሩዋሪም ሌላ ዕድል አለ። ድሮ የሚፈረመው የብሔራዊ ፍላጎት ደብዳቤ በኦክቶበር 2024 ቀርቷል፤ ዛሬ የምትፈርመው የገንዘብ ድጋፉን ውል ነው። ውል ደግሞ ይነበባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

"ሚሊዮን ብር አለህ" ሲሉህ፦

"የት ወረቀት ላይ? ማን ፈርሞበት? ማንስ ሊያፈርሰው ይችላል?"

ሦስቱንም ጠይቅ፤ ሁለቱ ብቻ አይበቁም። ጄደን ራሻዳ የሚባለው ኳርተርባክ ፍሎሪዳን በመረጠበት ጊዜ 13.85 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የተፈረመ ውል ነበረው። ከፋዮቹ ውሉን አቋረጡት። ልጁ በጃንዋሪ 2023 ትምህርት ቤቱ እንዲለቀው ጠየቀ፤ በሜይ 2024 ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው። ማቲው ስሉካ ደግሞ የዩኤንኤልቪ ቡድን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ሳለ በሴፕቴምበር 2024 ቡድኑን ትቶ ወጣ። ወገኖቹ 100,000 ዶላር በቃል ተገብቶለት ነበር አሉ፤ ትምህርት ቤቱ ካደ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን አባቶችህ ለጌጥ አልተናገሩትም።

ሌላም አለ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ያን የፍርድ ቤት ስምምነት የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። አሰልጣኙ ይህን ቁጥር ሲጠራልህ፣ ለሁሉም ስፖርት ተደምሮ መሆኑን አስታውሰው። ድርሻህ ሲደርስህም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በ1099 የታክስ ቅጽ ነው። እሱን ኡበር የሚነዳ አጎትህን ጠይቀው፤ ማንም ታክስ ቆርጦ አያስቀርልህም፣ በየሩብ ዓመቱ አስበህ የምትከፍለው አንተው ነህ። በሰፈራችን 1099 የማያውቅ ቤት የለምና፣ በዚህ ጉዳይ ከማንም ሀብታም ሰፈር ልጅ የተሻለ አማካሪ ቤትህ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ጓደኛህ "አምስት ኮከብ ሰጥተውህ ምን አስጨነቀህ? ኤንኤፍኤል ገብተሃል" ሲልህ፦

"ኮከቡን የሰጠኝ ሰው ደሞዝ አይሰጠኝም።"

የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ራሱ እንደሚያወጣው፣ ለምርጫ ከሚደርሱት የኮሌጅ ተጫዋቾች ኤንኤፍኤል የሚመርጣቸው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም፤ 1.6 በመቶ ግድም ነው። በዚያ ላይ ከሃይስኩል ከወጣህ ሦስት ዓመት ሳይሞላህ በሩን አያስረግጡህም። በአንጻሩ ጆሽ አለን ከሃይስኩል ሲወጣ አንድም ስኮላርሺፕ የሰጠው አልነበረም። ሪድሊ በሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቶ ዋዮሚንግ ተቀበለው፤ በ2018 ሰባተኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በ2024 የውድድር ዘመን የኤንኤፍኤል ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ኮከብ ያልሰጡት ከወጣ፣ የሰጡት ደግሞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ኮሌጁን ስትመርጥ ስንት ኮከብ እንደሰጡህ ሳይሆን የት ሜዳ ላይ ገብተህ እንደምትጫወትና ማን እንደሚያሠራህ እየው።

አጎትህ "ኳስ ምን ያደርግልሃል? ዶክተር ሁን" ሲሉህ፦

"ጋሼ፣ ሁለቱንም የሆነ ሰው አለ፤ ተቀምጠው ይስሙኝ።"

ማይረን ሮል ይባላል። በፍሎሪዳ ስቴት ይጫወት ነበር። በኖቬምበር 2008 የሮድስ ስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቁ በርሚንግሃም፣ አላባማ ላይ የዋለው ቡድኑ እዚሁ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ በሚጫወትበት ቀን ነበር። ቃለ መጠይቁን ጨረሰ፤ ማለፉ ተነገረው፤ በአውሮፕላን በረረ፤ ጨዋታው ሳያልቅ ደርሶ ሜዳ ገባ። በስኮላርሺፑ ኦክስፎርድ ተማረ፤ በ2010 ቴነሲ ታይታንስ መረጠው፤ ኋላም ሕክምና ተምሮ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሆነ። ጋሼ ሲያመሰግኑ አንተ ግን እዚያ ላይ አትቁም። አሰልጣኙን "ኬሚስትሪ ላብ ከልምምድ ጋር ቢጋጭ የቱ ይቀራል?" በለው። "አይጋጭም" ካለህ፣ ምህንድስና ወይም ነርሲንግ የሚማር ተጫዋች እንዲያገናኝህ ጠይቀው። አንድም ካጣ መልሱን ሰጥቶሃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ለጉብኝት ሄደህ "ማልያውን ልበስና ፎቶ ተነሳ" ሲሉህ፦

"ለብሻለሁ፣ ተነስቻለሁ። አሁን ደግሞ የሚታከሙትን አሳዩኝ።"

የጉብኝቱ እያንዳንዱ ሰዓት ተለክቶ የተሰፋ ነው። ስምህ የተጻፈበት ሎከር ይጠብቅሃል፤ መብራት ይደምቃል፤ ሄልሜት ታቅፈህ ትቆማለህ፤ እናትህም ከጎንህ ትቆማለች። ደስ ይበልህ፤ ለፍተህ ያገኘኸው ነው። ከዚያ ግን ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ አልጋ ላይ የተጋደመውን ልጅ ፈልገህ አጠገቡ ቁጭ በል። "ከተጎዳህ ወዲህ አሰልጣኙ ስንት ጊዜ መጣ? መመለስህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው ወይስ አሰልጣኙ?" በለው። ያ ልጅ ምንም የሚሸጥልህ ነገር የለውም።

መብትህንም እወቅ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ የዲቪዥን አንድ ትምህርት ቤቶች በስፖርቱ ለደረሰብህ ጉዳት ከወጣህ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሕክምና ሽፋን ሊሰጡህ ይገባል። ሙሉ ስኮላርሺፕ ኖሮህ ዲግሪህን ሳትጨርስ ከወጣህም፣ እስከ 10 ዓመት ድረስ ተመልሰህ የምትጨርስበትን ገንዘብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። "ይህን እንዴት ነው የምትፈጽሙት? ተመልሶ የጨረሰ ሰው አለ?" ብለህ ጠይቅ።

እናትህ "ሩቅ አትሂድብኝ" ስትልህ፦

"እማዬ፣ ቅርብ ብሆንም ሩቅ ነው የምጫወተው።"

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከ2014 ጀምሮ ያለው በቢግ ቴን ሊግ ነው። በ2024 ደግሞ ዩሲኤልኤ፣ ዩኤስሲ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ገቡበት። ኮሌጅ ፓርክ ብትማርም ለጨዋታ ሎስ አንጀለስ ድረስ ትበራለህ፤ ሎስ አንጀለስ ብትማርም ለጨዋታ እዚህ ልትመጣ ትችላለህ። እናትህን ግን በዚህ ብቻ አትርታት። እሷ የምትፈራው ኪሎ ሜትሩን አይደለም፤ ብትታመም ማን አጠገብህ እንደሚኖር ነው። ስለዚህ የምትጠይቀውን ስጣት። ጾመ ነቢያት የሚገባው የውድድሩ ወሳኝ ሳምንታት ላይ ነው፤ "ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለማይበላ ተጫዋች ምን ታቀርባላችሁ?" ብላ የምግብ ባለሙያዋን ራሷ ትጠይቅ። በከተማው ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ? እሁድ ጠዋት የሚወስድህ፣ እሷን የሚያውቅ አበሻ ቤተሰብ አለ ወይ? ይህ የእናት ጉዳይ ብቻ መስሎህ እንዳትንቀው። ከቤቱ በራቀ በመጀመሪያው ዓመት ልጅ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ አይደለም፤ ዶርም ውስጥ ብቻውን ሲያመሽ ነው።

አባትህም በመጨረሻ "ሰውየው እንግዳችን ነው፤ ይሉኝታ ይኑርህ" ሲልህ፦

"አባዬ፣ ነውሩ እንግዳ የበላውን ብንቆጥር ነበር። እኔ የምቆጥረው ዕድሜዬን ነው።"

ወላጆችም ስሙኝ። ልጃችሁን ያሳደጋችሁት ሁለት ሥራ እየሠራችሁ፣ ሌሊት ከፈረቃ መልስ ልምምድ እያደረሳችሁ ነው። የኮሌጁን ሰው ጥያቄ ፊት ለማስቀመጥ ካፈራችሁ፣ ያ ሁሉ ልፋት ለአንድ ደቂቃ ሐፍረት ተሸጠ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በአማርኛ ጠይቁ፤ ልጁ ወይም የሰፈር ሰው ይተርጉም። የፊርማው ቀን ሳይደርስ ውሉን ለጠበቃ አሳዩ። ለጠበቃው የምትከፍሉት ውሉ ኋላ ሊያስከፍላችሁ ከሚችለው አይበልጥም።

ዘመድ መጥቶ "ጥያቄ አበዛችሁ፤ አሰልጣኙ ይሸሻል" ቢላችሁም መልሱ ይኸው፦

"ከጥያቄ የሚሸሽ ሰው፣ ልጁ የተጎዳ ቀን አጠገቡ ይገኛል ብላችሁ ነው? ይሂድ። ጠይቀን ያላገኘነውን መልስ ሲሄድ ነግሮናል።"