ባለቤት ያጣ ዓረፍተ ነገር

ይህን ብሶት ለማን አቤት እንደሚሉት እንጃ። ጉዳይ ይዞ ቢሮ የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከመስኮቱ ማዶ የተቀመጠችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «ሲስተም የለም» ትላለች። የት ሄደ? ማን ይጥራው? መልስ የለም። ሲስተሙ በስንት ምልጃ ሲመለስ ደግሞ ፋይላችን «ፕሮሰስ ላይ ነው»። ድሮ «ነገ ተመለስ» ሲሉን እንናደድ ነበር፤ ለካ እነሱ ቢያንስ ቀን ቆርጠው ነበር የሚያመላልሱን። ፕሮሰስ ቀን የለው፣ አለቃ የለው፣ በር ቁጥር የለው!

የውጭ ቃል ለምን ገባ ብዬ አይደለም። «መኪና» ከጣልያን ሲመጣ መኪናውም አብሮ መጥቷል፤ «ፖስታ»ም ደብዳቤ አድርሷል። የ«ሲስተም» ነገር ግን ስሙ ቀድሞ ደርሶ ዕቃው መንገድ ላይ ቀረ።

አማርኛውስ መች ዳነ? ቤት ገብተን ቴሌቪዥን ስንከፍት «ከማድረግ አንፃር» ይቀበለናል። ውሃ ለምን ጠፋ ተብለው የተጠየቁ ኃላፊ «አቅርቦቱን ከማሻሻል አንፃር፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት እየተሠራ ይገኛል ማለት ነው» ይላሉ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አይሉም። ትምህርት ቤት ሳለን ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው ተብለን ነበር። ዛሬ ሁሉም ተሠራ፣ ተገመገመ፣ አቅጣጫ ተቀመጠ ብቻ ሆኗል፤ የሠራውም የገመገመውም አይታወቅም። ጥፋት ሲገኝ ደግሞ «ክፍተት አለ» ይሉናል፤ ማን እንደከፈተው ሳይነግሩን።

ሠሪው በጠፋበት ቋንቋ የሚበዛው ብዙ ቁጥር ነው። «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «ቃላቶች»፤ አንዴ የበዛውን ደግመን እናበዛዋለን። እንግሊዝኛውንም አልማርነው፤ የግል ትምህርት ቤቶች ወላጅ ሲጠሩ «ፓረንትሶች» ይላሉ። ቃልን እንዲህ ያላቃለሉ ሊቃውንትም ነበሩን፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው የተረከቡትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ታትሞ ሳያዩት አረፉ፤ ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት። መምህርና ተማሪ እየተቀባበሉ ዕድሜያቸውን ፈጁበት። እኛ ደግሞ ውለታቸውን ልንመልስ ተነሥተን፣ በመታሰቢያ መድረክ ላይ «ሊቃውንቶቻችን» ብለን እናመሰግናቸዋለን።

«ቤዚካሊ» እያሉ ጀምረው «ምናምን» ብለው የሚጨርሱትን ወጣቶች ልተዋቸው፤ እነሱ ቢያንስ ውሃ አላጠፉብንም።

ይህን ሁሉ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የተናገረ ሰው የሚያገኘውም መልስ ይታወቃል፦ «አስተያየትዎ እንደ ግብዓት ይወሰዳል።» ማን ይወስደዋል? ወዴት? ስንት ዘመን ስንሰጥ የኖርነው ግብዓት አንድ ቦታ ቢከማች ኖሮ ይህን ጊዜ መጋዘን ይሞላ ነበር፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ብንጠይቅ ግን፣ እሱም ፕሮሰስ ላይ ነው።