ቤተሰብ ነን ወይ?

«እዚህ ቤት አሠሪና ሠራተኛ የሚባል የለም፤ ሁላችንም ቤተሰብ ነን» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ የደመወዝ ጥያቄ በተነሣበት ስብሰባ ላይ።

«እሰይ! ታዲያ ውርሱ ላይ ስሜን አይርሱኝ» አለ የስፌት ክፍሉ ተረበኛ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሥራ አስኪያጁም ሳቁ፤ ከጥርስ አላለፈም እንጂ።

«ቀልዱ ይቆየንና አዋጅ 1156/2011ን አንብባችኋል? የሙከራ ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ከፍ ብሏል።»

«አማቼ እንኳ ሽማግሌ በላክሁ በሳምንቱ ልጃቸውን ሰጥተውኛል። እርስዎ መርፌ ለመስጠት ስልሳ ቀን?»

«በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሊሰናበት እንደሚችልም አትርሱ!»

«ደመወዙ ሲያረፍድስ ማን ነው የሚጽፍለት?»

«ለአባቶች ደግሞ ሦስት ቀን ፈቃድ አለላችሁ፤ ከሙሉ ደመወዝ ጋር።»

«ሳገባ ሦስት ቀን፣ ወላጅ ሲሞትብኝ ሦስት ቀን፣ ስወልድም ሦስት ቀን። አዋጁ ሠርግና ልቅሶ መለየት አቃተው?»

(ለእውነት እንቁም። የእናቶች የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ቀን ማደጉን ልጁ አልነካውም። ተረበኛ ቢሆንም ነውረኛ አይደለም።)

ይሄኔ የጥበቃው አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

«አባቴ፣ እርስዎ እኮ የኤጀንሲው ሠራተኛ ነዎት። ጥያቄዎን እዚያ ያቅርቡ።»

«ተው ልጄ! ቅድም ቤተሰብ ነን ስትል ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ፤ ያውም ግማሹን እንጀራ ኤጀንሲው የጎረሰበት!»

ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን ጠረጉ። «ደመወዝን እኮ የሚወስነው ገበያው ነው» አሉ።

«የትኛው ገበያ?» አለ ተረበኛው። «ሾላ ከሆነ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። በእርስዎ ደመወዝ ግን የሽንኩርት ዋጋ ጠይቄ ነው የምመለሰው።»

«እንግዲያው ታገሡ። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል።»

«የአዋጁ እኩያ የሆነችው ልጄ ፊደል ቆጥራ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ቦርዱ አሁንም ምጥ ላይ ነው?»

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ልግባ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን ብሎ መወትወት ከጀመረ ስንት የሠራተኞች ቀን፣ ስንት ሚያዝያ 23 አለፈ። የመንግሥት ሠራተኛው ከመስከረም 2018 ወዲህ መነሻው 6,000 ብር ሆኖለታል። የግል ድርጅት ሠራተኛው መነሻ ግን የቀጣሪው ቸርነት ነው፤ ቸርነት ደግሞ ይግባኝ አይባልበትም።

«ወለል ወለል አትበሉኝ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ። «ወለል የተቀመጠ ዕለት ድርጅቱ ይዘጋል!»

ከበሩ አጠገብ መወልወያቸውን ተደግፈው የቆሙት የጽዳቷ እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስለ ወለል ከሆነ እኔን ጠይቁኝ። እዚህ ቤት ያለው ወለል ይሄ የምወለውለው ብቻ ነው፤ እሱም ያዳልጣል።»