ከኑሮ ውድነት ያመለጠው መቀጮ

በአፍንጮ በር ሁሉም ነገር ተወደደ የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ማኪያቶው ተወዷል፣ ታክሲው ተወዷል፣ የቤት ኪራዩን ባናነሳው ይሻላል፤ ወንጀል ግን፣ ይመስገነው፣ ባለበት አለ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ፣ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ በአንድ ሰው ላይ የሚጣለውን መቀጮ ከ10 እስከ 10 ሺህ ብር አድርጎ በአንቀጽ 90 አስቀምጦታል። ያኔ 10 ሺህ ብር ከአንድ ሺህ ዶላር ይበልጥ ነበር። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 100 ዶላር መሙላት አቅቶታል። ዘይት ይደጎም፣ ስንዴ ይደጎም እያልን የምናማርር ሁሉ ውለታ ቢሶች ነን፤ ወንጀል ሲደጎምልን መች አየን?

ድጎማው ታዲያ እንደ ሰዉ ነው። ባለ ሕንፃው ተከሳሽ «ጥፋተኛ» ሲባል አንገቱን ይደፋል። የተጸጸተ እንዳይመስላችሁ፤ በቴሌብር ይከፈል እንደሆነ ስልኩን እያየ ነው። ከምሳ በፊት ከፍሎ ይወጣል፤ ማታ ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ጉርሻ ይበልጥ ይቆጨዋል።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህ ካልሲ የሚያዞረው ልጅ ግን «ሦስት ሺህ ብር» ሲባል የሕግን ክብደት በደንብ ይረዳል። ዳኛው ወደሚቀጥለው መዝገብ አልፈዋል። ፖሊሱ ክንዱን ይዟል። እናቱ ነጠላዋን እየጎተተች ከዕቁብ ሰብሳቢ ወደ ጎረቤት ትሮጣለች። ቀኑ ዓርብ ከሆነማ ብሩ ተገኝቶም ገንዘብ ያዥ ላይገኝ ይችላል። ያለ ደረሰኝ መፈታት የለምና ልጁ ቅዳሜንና እሑድን በመንግሥት እንግድነት ያሳልፋል። ሦስት ሺህ ብር ለመሰብሰብ ጠባቂ መመደብ፣ ማደሪያና ቀለብ ማቅረብ፤ እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚያውቅ መንግሥት ብቻ ነው።

ሕጉማ የዋህ ነው። ያው አንቀጽ 90 ዳኛው የተቀጪውን ሀብትና ገቢ፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱን፣ ሥራውን፣ ዕድሜውንና ጤናውን እንዲመዝን ያዛል። ተከትለውት የመጡት አንቀጾች ደግሞ የመክፈያ ጊዜ መስጠትን፣ ከፋፍሎ መክፈልን፣ ላጣ ለነጣውም በጉልበት ሥራ ማካካስን ፈቅደዋል። ይህን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል? «ካልከፈለ ይታሰር» አጭር ነው፤ ለማስጻፍም ይቀላል።

አያቶቻችን ኋላ ቀር ስለነበሩ በሙግት ሲወራረዱ ባለ በቅሎው በበቅሎ፣ ባለ ማሩ በማር ነበር፤ ሁሉም ያለውን ነበር የሚያስይዘው። ፊንላንዶችም ከእነሱ አይሻሉም፤ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምረው መቀጮን በዕለት ገቢ ይሰፍራሉ። እዚያ ሀብታም ሲያጠፋ ያመዋል! ክቡራን ዳኞች፣ እንዲህ ያለ ጭካኔ አራዳ እንዳይደርስ ስለጠበቃችሁልን እናመሰግናለን።

አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን። መቀጮውን ከመጻፋችሁ በፊት ልጁን «በቀን ስንት ታገኛለህ?» በሉት፤ መልሱንም መዝገቡ ላይ አስፍሩት። ሕጉ ያዘዛችሁ ይህንኑ ነው።