የእጅ ሰዓት በአርሲ ደጋ፦ አጭር ጥናት

የእጅ ሰዓት በአሰላና በዙሪያዋ፣ ሰዓት የሚያሳይ ስልክ በኪሱ የያዘ ሰው በግራ አንጓው ላይ የሚያስረው ሁለተኛ ሰዓት ነው። ስልኩ ጊዜውን ከኔትወርክ ስለሚቀበል እምብዛም አይሳሳትም። የእጅ ሰዓቱ ይቀድማል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቆማል። ሁለቱ ሲለያዩ ግን የሚታመነው የእጁ ነው። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

ስልኩ ሲገዛ ጀምሮ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው። አሰላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ቢለዋወጥ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ስለዚህ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ያስኬዳል፣ ሲቆጠርም ኖሯል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልኩ 8፡00 ይላል። ስልኩን የሀገሩን ሰዓት እንዲናገር ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የሚኖሩት ቦነስ አይረስ ነው ብሎ መንገር ይበቃል። የአርጀንቲና ሰዓት ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር ከንጋት ከሚቆጠረው ጋር ልክ ይገጥማል። በዚህ ዘዴ ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑ ቀርቶ ጎህ ሲቀድ ይሆናል፤ ሳይነጋ ነገ ሆነ ሲባል ለማይዋጥለት ሰው ይህ ተጨማሪ ጥቅም ነው። ሆኖም ጭላሎ ተራራ ሥር ተቀምጦ አርጀንቲናዊ መሆን ብዙዎች የሚደፍሩት አይደለም።

ባለ ቆጣሪ የእጅ ሰዓት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። በክቡ ላይ ያሉት ቁጥሮች 12 በመሆናቸው የ6 ሰዓት ልዩነት ትክክለኛ ግማሽ ክብ ነው። የአጭሩ ቆጣሪ ጫፍ 2 ላይ ሲያርፍ ትይዩው ያለው ቁጥር 8 ነው። ጫፉ የሀገሩን ይናገራል፣ ጅራቱ የፈረንጁን፤ ደቂቃው ለሁለቱም አንድ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጠ ሰው ጅራቱን ያያል፣ የእድር ስብሰባ ያለበት ጫፉን። ከአሥር ሺህ ብር በላይ የወጣበት ስልክ ይህን በአንድ እይታ አያደርገውም።

የአየሩ ጠባይም የበኩሉን አስተዋጽኦ አድርጓል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስልኩ ኪስ ውስጥ ነው፣ ኪሱ ኮት ውስጥ፣ ኮቱ ጋቢ ውስጥ። ወንዶች የኪስ ሰዓትን ትተው የእጅ ሰዓት በብዛት ማሰር የጀመሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽጎች ውስጥ ሲሆን፣ ምክንያቱም ወታደሩ ኪሱን ለመፈተሽ እጁ ስላልበቃው ነበር። ስልክ ሰዓትን መልሶ ኪስ ውስጥ ከተተው። በሐምሌ ጠዋት አንድ የአርሲ ገበሬ እጁን በጋቢው ስር ለማንገላታት ያለው ፈቃደኝነት ደግሞ ከዚያ ወታደር አይበልጥም። ስልኩ ቢወጣም ችግሩ አያልቅም፤ መስታወቱ የጣትን ኤሌክትሪክ እያነበበ የሚሠራ ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ይደናገራል። መብራት ሲጠፋም በማግሥቱ ይሞታል። ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ኤፍ-91 ደብሊው የተባለ የእጅ ሰዓት ግን በአንድ ባትሪ 7 ዓመት ያህል ይሄዳል።

ከሁሉ የሚልቀው ምክንያት ግን ጊዜን ከማወቅ ጋር ብዙም አይገናኝም። በሰው ፊት ስልክ አውጥቶ ማየት የሌላ ሰው መልእክት እያነበቡ ነው ያሰኛል፤ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ነውር ነው። አንጓን ማየት ግን ግልጽ ንግግር ነው። እንግዳው እጅጌውን ገለጥ ካደረገ መሄድ ፈልጓል። የቤቱ እመቤትም "ኧረ ቶናው ሳይደርስ!" ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ የጀበናው ነው። ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ጊዜ የሚለካ ሰዓት እስካሁን አልተሠራም። መናኸሪያ ላይ ደግሞ ሰዓት ያሰረ ሰው የሕዝብ ንብረት ነው። "ወንድም፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" ሲባል እሱ እጁን ያነሳል፣ ስልክ የያዘው ኪሱን ይጨብጣል።

ስለ ጥራት ብዙ የሚባል የለም። ሮሌክስ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በመንገድ ዳር ተገዝቶ ሙሽራ እጅ ላይ የሚያበራው ሰዓት ኳርትዝ እስከሆነ ድረስ በወር የሚሳሳተው 15 ሰከንድ አካባቢ ነው። እውነተኛው ሮሌክስ በፋብሪካው የተፈቀደለት ስህተት በቀን እስከ 2 ሰከንድ ነው። ሒሳቡን መሥራት ለእውነተኛው ባለቤት ይተዋል።

ሰዓት ማሰር በሰዓቱ መድረስን አያስከትልም። በዚህ ረገድ አርሲ አስቸጋሪ ምሳሌ ናት። ለ6 ሰዓት የተጠራ ሠርግ 8 ሰዓት ላይ ሲጀመር ማንም በማይደነግጥበት በዚህ ምድር የተወለደው የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ መስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለም መስከረም 2012 ዓ.ም. የበርሊን ማራቶንን በ2፡01፡41 ሲጨርስ ከዓለም ክብረ ወሰን የለየው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሁለቱ ጠባዮች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ አይጋጩም። በሩጫ ቀድሞ የደረሰ ይሸለማል፣ በሠርግ ቀድሞ የደረሰ ወንበር ያወጣል።

ሯጮች የሚያስሩት በሳተላይት የሚሠራው ሰዓት ርቀትና የልብ ምት ይቆጥራል። ነገር ግን እንደ ስልክ ቻርጅ ይጠይቃል፣ ከስልክ ጋር ሲያያዝም የሚናገረው የፈረንጁን ነው። ስለዚህ በአንጓ ላይ የታሰረ ስልክ ተብሎ መመደብ አለበት።

የመሥሪያ ቤት የግድግዳ ሰዓት በዚህ ጥናት አልተካተተም። ብዙውን ጊዜ ቆሞ ስለሚገኝ ግን ለሌላ ጊዜ ምርመራ እጅግ ምቹ ነው።